የአይቲ ወጪ፦ ሾውባክ ይሻላል ቻርጅባክ?

ሀዋሳ ትልቅ መስሪያ ቤት ፋይናንስ ወይ አይቲ ላይ የምትሰሩ ይሄን ክርክር ታውቁታላችሁ። ሾውባክ ማለት ሰርቨሩም ላይሰንሱም ኢንተርኔቱም የባለሙያው ደሞዝም ተደምሮ ለየክፍሉ "ይሄን ያህል ተጠቅማችኋል" ብሎ ሪፖርት መላክ ነው፣ ብር ከማንም አይቆረጥም። ቻርጅባክ ግን ከራሳቸው ባጀት ይቆርጣል፣ እና እውነት ለመናገር ሰው የሚነቃው ያኔ ነው 😄

ችግሩ ማከፋፈያው ላይ ነው፣ በሰው ቁጥር ካካፈላችሁት ኮምፒውተር እምብዛም የማይነካው ስቶር የዳታ ቲሙን ወጪ ይከፍላል፣ በአጠቃቀም ይሁን ካላችሁ ደሞ የሚለካ ሲስተም ያስፈልጋል፣ በዛ ላይ ክላውድ (በኢንተርኔት የምንከራየው ሰርቨር) በዶላር ስለሚከፈል ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ አጠቃቀሙ ሳይጨምር ሂሳቡ በብር ያብጣል፣ ያንን ማን ይሸከም? ለኔ ሾውባክ ይቅደም፣ ክፍሎቹ ተጨቃጭቀው ቁጥሩን ሲያምኑበት መቁረጥ ይጀመር።