በኮሚሽን መሸጥ በቸርችል ጎዳና፦ የአንድ የቢሮ ዕቃ አስመጪ የወኪልነት ውል ሲገመገም

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ዙሪያ ቢሮ ያለው አንድ አስመጪ ቶነር (የፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለም)፣ ፕሪንተር፣ የፎቶ ኮፒ ማሽንና የጽሕፈት ወረቀት ለመሥሪያ ቤቶችና ለማተሚያ ቤቶች ያቀርባል። ድርጅቱ ከቋሚ ሠራተኞቹ ሌላ ደመወዝ የማይቆረጥላቸው፣ በሸጡት ልክ ኮሚሽን የሚታሰብላቸውና በየራሳቸው ንግድ ፈቃድ የሚሠሩ የሽያጭ ወኪሎች አሉት፤ እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ። ስሙን የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች በዚያው አካባቢ ባሉ ሌሎች አስመጪዎችም ዘንድ የተለመዱ ስለሆኑ አንዱን ለይቶ መውቀስ ፍትሐዊ ስለማይሆን ነው። የምገመግመው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ድርጅቱ ለወኪሉ የሚሰጠውን አገልግሎት ጭምር ነው።

ስለዚህ ሥራ የሚጠይቁኝ ሰዎች ቀድመው የሚያነሡት «ስንት ፐርሰንት ይሰጣሉ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የወኪሉን ገቢ ከመቶኛው ይልቅ የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ኮሚሽኑ ተገኘ የሚባለው ትእዛዝ ሲጻፍ ነው፣ ዕቃው ሲረከብ ነው ወይስ ገንዘቡ ባንክ ሲገባ? ደንበኛው በሁለተኛው ግዢ ወኪሉን አልፎ በቀጥታ ወደ ቢሮው ቢደውልስ ሽያጩ የማን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ውል 10 ከመቶ ቢልም እንኳ 3 ከመቶ ከሚለው ያነሰ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል።

ከመልካሙ ልጀምር። የድርጅቱ ዕቃ ወኪሉን አያሳፍርም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በገበያው ላይ ኦርጅናል ተብሎ የሚሸጥ ነገር ግን ተሞልቶ የታሸገ ቶነር ሞልቷል፤ በዚህም ምክንያት የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍሎች እጅግ ተጠራጣሪ ሆነዋል። አራት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ዕቃ ሲረከቡ ማየት ለአዲስ ወኪል ትልቅ ትምህርት ነው። ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ወስደው ተለጣፊው ምልክት ቀለሙን ሲቀይር እስኪያዩ ያገላብጡታል። ከዚያ ጥቁሩን ላስቲክ ቀደው ቶነሩን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል፤ ሮለሩ ላይ ጭረት መኖሩን በመነጽራቸው ጠርዝ ያያሉ፤ በመጨረሻም ማሽኑ ውስጥ አስገብተው አንድ ገጽ ያትሙና የወረቀቱን ዳር ዳር ይመረምራሉ። «ልጄ፣ ባለፈው ሌላ ሰው ያመጣልን ሁለት መቶ ገጽ ሳይሞላ ነጣብን፤ ያንተ ደግሞ እንዳይሆን» አሉኝ። አልሆነም። እንከን የተገኘበት ዕቃ ሲመለስም ድርጅቱ ያለ ክርክር ይቀይራል፣ ቴክኒሻኑንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይልካል። ወኪሉ የሚሸጠው በራሱ ፊት ስለሆነ ይህ አገልግሎት ከኮሚሽኑ እኩል ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ኮሚሽኑ ለቶነርና ለወረቀት 3 ከመቶ፣ ለማሽን 5 ከመቶ ነው። የሚሰላውም ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ሲሆን፣ ደንበኛው 115,000 ብር ከከፈለ 15,000 ብሩ የመንግሥት ስለሆነ ወኪሉ የሚያገኘው የ100,000 ብሩን 3 ከመቶ፣ ማለትም 3,000 ብር ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በቅናሽ አያያዙ ላይ ነው። ደንበኛው ዋጋ እንዲቀነስለት ሲጠይቅ ድርጅቱ «ከኮሚሽንህ ላይ ተወው» ይላል፤ ስለዚህ 2 ከመቶ ቅናሽ የተሰጠበት የቶነር ሽያጭ ለወኪሉ 1 ከመቶ፣ ለድርጅቱ ደግሞ ሙሉ ትርፉን ያስቀርለታል። ደንበኛው የሚጠቀምበትን ቅናሽ ሁለቱ ወገኖች በየድርሻቸው ቢካፈሉት ተገቢ ነበር። በአንዳንድ የግዥ ክፍሎች ውስጥ «ለእኛስ?» የሚል ድምፅ ሲሰማም ወኪሉ ለብቻው ይቀራል፤ ድርጅቱ «እኛ አናውቅም» ይላል፣ ሽያጩ ሲቀር ግን «ለምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል።

ዋናው ነጥብ ወደሆነው የክፍያ ጊዜ ልለፍ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አነስተኛ ግዢ በፕሮፎርማ (አቅራቢዎች በሚሰጡት የዋጋ ማቅረቢያ) ሲፈጽም ቢያንስ ከሦስት አቅራቢዎች በታሸገ ኤንቨሎፕ ዋጋ ይሰበስባል። ኮሚቴው አወዳድሮ አሸናፊውን ይለያል፣ የግዥ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ዕቃው ይቀርባል፣ ንብረት ክፍል መርምሮ ሞዴል 19 የተባለውን የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ሰነዱ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ክፍያው ይዘጋጃል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ፊርማ ቢጎድል፣ ፈራሚው ለስብሰባ ወይም ለመስክ ሥራ ቢወጣ፣ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል። የመንግሥት ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መዛወር ከጀመረ ወዲህ የዋጋ ማቅረቢያው ክፍል ለአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ቀለል ብሏል፤ የርክክቡና የክፍያው ክፍል ግን አሁንም በሰው እግር ነው የሚሄደው።

የድርጅቱ ውል ኮሚሽን የሚከፈለው «የሽያጩ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ከገባ በኋላ በሚቀጥለው ወር» ነው ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ያልተሰበሰበ ገንዘብ ላይ ኮሚሽን ይከፈል የሚል ሰው የለም። ችግሩ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ነው። ደንበኛው ዘጠና ከመቶውን ከፍሎ ለአንድ የተበላሸ ቶነር የቀረውን ቢይዝ የወኪሉ ኮሚሽን በሙሉ ይያዛል፤ ለተከፈለው ክፍል የሚገባው እንኳ አይለቀቅም። ከዚህም ሌላ በውሉ ውስጥ የትም ቦታ ያልተጻፈው ገንዘብ የመሰብሰብ ሥራ በተግባር የወኪሉ ሆኗል። የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ለደንበኛው አንድ ጊዜ ይደውላል፤ ከዚያ በኋላ «ኮሚሽንህን ከፈለግህ ራስህ ተከታተል» ይባላል። እንዲህ ከሆነ ውሉ ወኪሉን ሻጭም ገንዘብ ሰብሳቢም አድርጎ ለሁለተኛው ሥራ ሊከፍለው ይገባ ነበር። በፒያሳና በአራት ኪሎ ያሉ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ ባለቤቱ ዕቃውን አይቶ በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር እዚያው ይከፍላል፤ ትርፉ አነስተኛ ቢሆንም ለወኪሉ የወር ወጪ የሚደርሰው እሱ ነው።

ገቢው በዓመቱ ውስጥ እኩል አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በግንቦትና በሰኔ ቀሪ በጀት ለመጠቀም የሚደረገው ግዢ ይበረክታል፤ ከሐምሌ 1 በኋላ ደግሞ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ድረስ የግዥ ክፍሎች በር ክፍት ቢሆንም ሥራ የለም። ደመወዝተኛ በክረምቱ ደመወዙን ይበላል፤ ወኪል ግን የሰኔን ኮሚሽን ለመስከረም ማቆየት አለበት፤ ያውም ኮሚሽኑ በወቅቱ ከተከፈለው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ የተመላሹ ደንበኛ ነገር፣ ከሁሉ የከፋው ነው። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው የድርጅቱ ስልክ ስለሆነ ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቢሮው ይደውላል። ይህ ሽያጭ «የቢሮ ሽያጭ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ኮሚሽኑም ወይ ለማንም አይከፈልም ወይ ለቋሚ ሠራተኛ ማበረታቻ ይሆናል። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ደንበኛው እኮ የድርጅቱ ነው» የሚል ነበር። ለአንድ የማሽን ሽያጭ ወራት የተመላለሰ ሰው፣ ለዓመታት የሚቀጥለው የቶነር ግዢ እንደማይመለከተው ሲነገረው የሚሰማውን መግለጽ አያስፈልግም። በዚህ ንግድ ደግሞ ማሽን በር መክፈቻ ብቻ ነው፤ ዘላቂው ገቢ ያለው ማሽኑ በሚፈጀው ቶነር ላይ ነው።

የከተማዋ መለዋወጥ ይህን ችግር አባብሶታል። በ2016 በፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ በካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪውም ነጋዴውም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተበትኗል። በእግር እየዞሩ የሚያገኟቸው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ሱቆች አንዱ ሲኤምሲ፣ አንዱ ለቡ፣ አንዱ አያት ገብቷል። የት እንደገቡ ፈልጎ፣ ተደዋውሎ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ የሄደው ወኪሉ ነው፤ የትራንስፖርት ወጪ ደግሞ በውሉ መሠረት የወኪሉ ነው። እንዲህ ተፈልጎ የተገኘ ደንበኛ በሚቀጥለው ወር ቢሮ ደውሎ ሲያዝ «የቢሮ ሽያጭ» መባሉ ለእኔ ከሒሳብ ስሕተት ያለፈ ነገር ነው።

ስለ ዋጋ መለዋወጥም በአጭሩ ላንሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በአጭር ጊዜ ስለወረደ የአስመጪዎች ዋጋ ዝርዝር ቀለሙ ሳይደርቅ ይቀየር ነበር። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ያደረገው አንድ በጎ ነገር ቀድሞ ማኅተም የተመታበትን ፕሮፎርማ ማክበሩ ነው። ሌሎች ሲሰርዙ እሱ አልሰረዘም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዋጋው የሚጸናበትን ጊዜ በጣም አሳጥሮታል፣ የመንግሥት ግዥ ኮሚቴ ደግሞ በዚያ ፍጥነት አይሰበሰብም።

ወደዚህ ሥራ ለመግባት የሚያስብ ሰው ሕጋዊ ቦታውን አስቀድሞ ይረዳ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በራሱ ንግድ ወይም ሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ስለዚህ ለሠራተኛ የሚሰጠው፣ ከ16 የሥራ ቀናት የሚጀምረው የዓመት ፈቃድም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ ለወኪል የለም። ቀጣሪው 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ የሚያዋጡበት የጡረታ መዋጮም እንዲሁ። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣትም ለይስሙላ አይደለም፤ በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 እነዚህን ለማያቀርብ ሰው ከሚከፈለው ላይ 30 ከመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ደንግጓል። ድርጅቱ በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነው፤ የያዘውን ግብር ደረሰኝ ቆርጦ ይሰጣል፣ ወኪሉም በዓመቱ መጨረሻ ግብሩን ሲያሳውቅ ያቀናንሰዋል። በቃል ተስማምቶ ገንዘብ በእጅ ከሚሰጥ አስመጪ ጋር የሠራ ሰው የዚህን ደረሰኝ ዋጋ ያውቃል።

በጠቅላላው ሥራው የመሥሪያ ቤት በር ለለመደ፣ ሌላ ትንሽ ገቢ ላለው፣ ከአንድ በላይ አስመጪ ለሚወክል ሰው ይሆናል፤ ውሉም ሌላ ዓይነት ዕቃ መሸጥን አይከለክልም፣ ይህም ከመልካም ጎኖቹ አንዱ ነው። የቤት ኪራይ በየወሩ ለሚጠብቀውና ሌላ ምንም ለሌለው ሰው ግን አልመክርም። ውሌ የሚታደስበት ጊዜ ስለደረሰ ሁለት አንቀጾች እንዲስተካከሉ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፦ ኮሚሽን በተሰበሰበው ገንዘብ ልክ እንዲከፈል፣ እኔ ያመጣሁት ደንበኛ ደግሞ ለአንድ ዓመት በማንኛውም መንገድ ቢገዛ በእኔ ስም እንዲመዘገብ። የመጀመሪያውን የሒሳብ ክፍሉ ያለ ችግር ተቀብሎታል። ሁለተኛውን ሥራ አስኪያጁ «እንነጋገርበታለን» ብለው ይዘውታል፤ እስኪነጋገሩበት ድረስ አዲስ ማሽን ለማስገባት የጀመርኩትን የሜክሲኮ አካባቢ ደንበኛ ስም ለቢሮው አልሰጠሁም።