ደሴ ላይ ለውጭ አገር ትምህርት አማካሪ ቢሮ መክፈል ያዋጣል?

ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰነድ ስካን ለማስደረግ፣ ሲቪ ለማስተካከል፣ ፎርም ለማስሞላት ከሆነ ሂዱ፣ አትቆጩም። ለምክር ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። የቢሮውን ስም አልጠቅስም። "የውጭ አገር የትምህርት ዕድል እናመቻቻለን" የሚል ታፔላ ከተማችን ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የተሰቀለ አይደለም፣ የምለውም በየትኛውም በር ስትገቡ የሚጠቅም ይመስለኛል።

የሄድኩት ከእህቴ ጋር ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሦስተኛ ዓመት ናት። የምትፈልገው አንድ ዓመት ውጭ ተምራ፣ ተመልሳ እዚሁ መመረቅ ነው። እኔም ተማሪ እያለሁ በልውውጥ አንድ ዓመት ጀርመን ስለተማርኩ መንገዱ አዲስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ስለተለወጠ፣ የዘንድሮውን አሠራር የሚያውቅ ሰው ቢያግዛት ብዬ ነው ይዣት የገባሁት።

ከጥሩው ልጀምር። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጅ ሸጋ ናት። የእህቴን ትራንስክሪፕት ገጽ በገጽ ስካን አድርጋ፣ ፋይሉን ድረ ገጹ በሚቀበለው መጠን አሳንሳ፣ ፎቶውን በልኩ ቆርጣ ሰጠችን። ሲቪው ላይ የተደጋገመውን ሁሉ አወጣችው። አልተቻኮለችም፣ ስንጠይቃትም አልተሰላቸችም። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ጄኔሬተር አስነሱ። ማመልከቻ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት መብራት የጠፋበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለዚህ የከፈልነው ብር ይገባቸዋል፣ ነገም እከፍላለሁ።

ችግሩ የውስጠኛው ክፍል ነው።

አማካሪው ገና ሳንቀመጥ ጀመረ። "አንድ ዓመት ምን ያደርግልሻል የኔ እህት? ከሄዱ አይቀር ጠቅልሎ ነው እንጂ!" አለና የግል ኮሌጆች ብሮሹር ደረደረልን። እህቴ ልውውጥ እንደምትፈልግ ደጋግማ ነገረችው፣ እሱም እየደጋገመ ወደ ብሮሹሩ መለሳት። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም።

ልውውጥ ማለት እዚህ ዩኒቨርሲቲሽ እንደተመዘገብሽ ትሄጃለሽ፣ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስለተፈራረሙ እዚያ የትምህርት ክፍያ አትከፍዪም፣ የተማርሽው ስትመለሺ ይያዝልሻል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ፕላስ ለምሳሌ ከ2 እስከ 12 ወር ይፈቅዳል፣ ለተመረጠ ተማሪም የኪስና የጉዞ ገንዘብ አለው። አማካሪው የሚያሳየን ደግሞ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በራስ ገንዘብ መማርን ነው። ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ልጅ ያንን ሁሉ ጥላ እንደገና ትጀምር ማለት ምክር አይደለም፣ ሽያጭ ነው። ኮሌጆቹ በላከላቸው ተማሪ ልክ ለደላላ ኮሚሽን መክፈላቸው የታወቀ ነው። እሱ ከየትኛው እንደሚያገኝ አልነገረንም፣ ጠይቁት።

የልውውጥ በር ያለው የገዛ ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉት። የውጭ ግንኙነት ቢሮ ሂዱና "ከየትኛው አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት አለን? ለእኔ ትምህርት ክፍል ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ስምምነት ከሌለ የትኛውም ደላላ ሊፈጥርላችሁ አይችልም። ካለ ደግሞ ዕጩ አድርጎ የሚልካችሁ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ በነፃ።

ከሁሉ በላይ አንድ ወረቀት አለ፣ ለርኒንግ አግሪመንት ይባላል። እዚያ የምትወስዱት ኮርስ እዚህ በየትኛው ኮርስ ቦታ እንደሚያዝ ተዘርዝሮ ተማሪው፣ ላኪው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ይፈርሙበታል። በአውሮፓው አቆጣጠር የአንድ ዓመት ሙሉ ጭነት 60 ክሬዲት ነው፣ የአንድ ሴሚስተር 30። ይህ ወረቀት ሳይፈረም የሄደ ጓደኛ ነበረኝ። ጥሩ ውጤት ይዞ ተመለሰ፣ ዲፓርትመንቱ ግን ኮርሶቹን አልያዘለትም፣ ጓደኞቹ ሲመረቁ እሱ ክፍል ውስጥ ቀረ። ታዲያ አማካሪውን ስለዚህ ወረቀት ብጠይቀው ሰምቶት አያውቅም። አንድ ዓመት ውጭ እልካለሁ የሚል ሰው ይህን ካላወቀ ምን ያውቃል?

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ነው። እኛ ተራ ስንጠብቅ ከቦሩ ሜዳ የመጡ አንድ አባት ጎናችን ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው 12ኛ ክፍል ጨርሷል። ለቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከት ቀብድ ተጠይቀው በሬ ሸጠው መምጣታቸውን አጫወቱን።

"አባባ፣ ማመልከቻው እኮ በነፃ ነው" አልኳቸው።

"እውነት ልጄ? ታዲያ ይኼ ሁሉ ብር የምኑ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። የቱርክ ቡርስላሪ ማመልከቻ በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፣ አንድ ብር አይከፈልበትም። የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምም እንደዚሁ። የቱርኩ ላለፈ ተማሪ የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ወርኃዊ ገንዘብ፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት፣ የመሄጃና የመመለሻ የአውሮፕላን ትኬት ጭምር ይሸፍናል። ፎርም ለሞላ ሰው የድካሙን መክፈል ተገቢ ነው፣ እሱን አልቃወምም። የበሬ ዋጋ ግን ፎርም የመሙላት ዋጋ አይደለም። ልጁ ቢያልፍም ባያልፍም ቀብዱ አይመለስም። ሰውየው ከኛ ቀድመው ሳይከፍሉ ወጡ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ለእህቴ ደግሞ አማካሪው "ቪዛው የተረጋገጠ ነው" አላት። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ ተነሱና ውጡ።

በራሷ ወጪ ጀርመን ብትሄድስ ብዬ ሆን ብዬ ጠየቅሁት። "የባንክ ስቴትመንት ይበቃል" አለ። አይበቃም። ስኮላርሺፕ ወይም ስፖንሰር የሌለው ተማሪ ብሎክድ አካውንት በሚባል፣ እንደፈለጉ በማይወጣበት የባንክ ሒሳብ ውስጥ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ማስገባት አለበት። ከዚያ ላይ በወር 992 ብቻ ነው የሚወጣው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የውጭ ተማሪዎችን ማመልከቻ ለዩኒቨርሲቲዎቹ በሚቀበለው በዩኒ አሲስት በኩል የሚላክ ማመልከቻም ለመጀመሪያው 75 ዩሮ፣ ለሚቀጥሉት ለእያንዳንዳቸው 30 ዩሮ አለው። "ሠርተሽ ትከፍያለሽ" የሚለውንም እንዳለ አትመኑ። ሥራ ይፈቀዳል፣ ግን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፣ ፈተና ደግሞ አለ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቋንቋው፣ ብርዱና ላቦራቶሪው ተደራርበውብኝ ሥራ የሚባል አላሰብኩም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አትሂዱ ለማለት አይደለም። ሂዱ! ያ ዓመት ለእኔ ብዙ ነው ያደረገልኝ። መምህሩን በስሙ ጠርተህ "እዚህ ጋ አልተስማማሁም" የምትልበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ፣ የተበላሸ ሙከራ ራስህ ደግመህ መሥራት፣ ከአምስት አገር ልጆች ጋር አንድ ወጥ ቤት ተጋርቶ ሽሮ ማቅመስ፣ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። እህቴም እንድታገኘው እፈልጋለሁ። ለዚህም ነው በዚህ ጉዳይ የሚነግዱ ሰዎች ሥራቸውን እንዲያውቁት የምፈልገው።

ሁለት ነገር ሳልረሳ። አንደኛ፣ ለማመልከቻው አዲስ ኢሜይል ከፍተው የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ሊይዙት ነበር። እህቴ እንቢ አለች፣ በራሷ ኢሜይል ተሞላ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ መልሱ የሚመጣው በዚያ ኢሜይል ነው። ከቢሮው ጋር ብትጣሉ ዕድላችሁ እነሱ እጅ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ስም። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባቷን ስም ሞልተውት ነበር፣ ፓስፖርቷ ላይ ግን የሰፈረው የአያቷ ስም ነው። ሳይላክ ስላየነው ተስተካከለ። ፎርሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፣ የልደት ቀኑም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

እና ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለፊተኛው ክፍል ከአምስት አራት ተኩል፣ ለውስጠኛው አንድ። እህቴ በማግስቱ ወደ ዲፓርትመንቷ ሄዳ የኮርስ ዝርዝሯን ይዛ ከአማካሪ መምህሯ ጋር ተቀምጣለች፣ የውጭ ግንኙነት ቢሮውም ጥሪ ሲወጣ እንደሚያሳውቃት ነግሯታል። ለስካንና ለፎርም የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በተለይ ሰኞ ገበያተኛው ስለሚበዛ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ይወርዳል። ዋናውን ሰነድ ይዛችሁ ግቡ፣ ይዛችሁም ውጡ።