ከፔዳ ግቢ አቅራቢያ የሚከራይ የተማሪዎች መኖሪያ፦ ስለ ጥበቃው
በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አቅራቢያ ለተማሪዎች በሚከራይ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴሚስተር ተቀምጫለሁ። የውጭው በር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ዘበኛውም መታወቂያ ሳያስይዝ እንግዳ አያስገቡም፣ ይህም የሚመሰገን ነው። የክፍሎቹ በር ግን በጓጉንቸር ብቻ የሚቆለፍ ሲሆን፣ ጓጉንቸሩ የሚገባበት ቀለበት የተመታበት ምስማር በእጅ ሲነቀነቅ የሚወጣ በመሆኑ፣ የራሴን በራሴ ወጪ በብሎን አስቀይሬያለሁ። ከሁሉ ያሳሰበኝ መብራት ሲጠፋ የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ክፍል ማስገባት አለመከልከሉ ነበር፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ለአከራይዋ ስነግራቸው ከሰል በረንዳ ላይ ብቻ እንዲነድ አዝዘዋል፤ የጓጉንቸሩን ነገር ግን «እናየዋለን» ብለው አልፈውታል።