ሉቤክ ማሪየንኪርሸ፦ የወደቁት ደወሎችና ውሸታሙ ሰዓሊ

ሀምቡርግ ያላችሁ ልጆች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሱቅ ለሱቅ ከምትንከራተቱ ባቡር ያዙና ሉቤክ ሂዱ፣ ማሪየንኪርሸን (የማርያም ቤተክርስቲያን ማለት ነው) እዩ፣ መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፣ ዶይችላንድ ቲኬት (የወሩ የባቡር ትኬት) ያለው ደግሞ ተጨማሪ ሳንቲም አያወጣም። እኔ ከእህቴ ጋር ነው የሄድኩት። ማርያም ሲባል ሰምታ ነጠላዋን ሁሉ ይዛ ነበር፣ ከተማው በ1531 ወደ ሉተር (ወደ ፕሮቴስታንት) እንደዞረ ስነግራት "ታዲያ ስሟን ለምን ተዉት?" አለችኝ፣ ምን ልበላት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ገና ስትገቡ አንገታችሁን ያማችኋል። ጣሪያው 38.5 ሜትር ነው፣ በጡብ ከተሰሩት ቅስት ጣሪያዎች በዓለም ከሱ የሚበልጥ የለም፣ ሁለቱ ማማዎች ደግሞ 125 ሜትር ገደማ። አገሩ ድንጋይ ስለሌለው ሸክላ አቃጥለው ነው የሰሩት። ነገሩ ደግሞ እልህ ነው፣ ጳጳሱ የራሱ ካቴድራል ነበረው፣ ነጋዴዎቹ ብሩ በእጃቸው ስለሆነ ገበያው አጠገብ ከሱ የሚበልጥ ገነቡ።

ውጪ ግድግዳው ስር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ የነሐስ ሰይጣን አለ። ተረቱ ምን መሰላችሁ፣ ቤተክርስቲያኑ ሲሰራ ሰይጣን መጥቶ ምን እየሰራችሁ ነው ሲላቸው ጠጅ ቤት ነው አሉት (ወይን ቤት ነው እንግዲህ)፣ እሱም ደስ ብሎት ድንጋይ ሲሸከም ከረመ፣ በኋላ ሲነቃ ድንጋይ አንስቶ ሊያፈርሰው ሲል ተው ጠጅ ቤቱን እዚሁ ጎን እንሰራልሃለን ብለው አስጣሉት። እውነትም የማዘጋጃ ቤቱ ወይን ቤት ጎኑ ነው። ልጆች አጠገቡ ሴልፊ ይነሳሉ፣ እህቴን ነይ አብረሽ ተነሺ ብላት አማትባ ዞረች።

ሙዚቀኛው ባህ በ1705 በ20 ዓመቱ የዚህን ቤተክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች የቡክስተሁደን ኦርጋን ልስማ ብሎ ከሚሰራበት ከተማ ከአርንሽታት 400 ኪሎሜትር ገደማ በእግሩ የመጣው እዚህ ነው። የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ አራት ወር ገደማ ቀረ፣ አለቆቹ ምን እንዳሉት ገምቱት።

እኔን ግን የያዘኝ ደቡብ ማማ ስር ያለው ነው። በ1942 በነሱ ሆሳዕና ሌሊት እንግሊዞች ከተማውን በቦምብ ሲያነዱት ማማውም ተቃጠለና ደወሎቹ ከላይ ወረዱ። እስከዛሬ እዛው የወደቁበት አሉ። ነሐሱ እንደ እንስራ ገል ተሰነጣጥቆ፣ ከፊሉ ቀልጦ፣ ወለሉ ውስጥ ሰምጦ። ማንም አላነሳቸውም። ሰው ሲያወራ ገብቶ እዛ ሲደርስ ዝም ይላል፣ እህቴ ነጠላዋን ያጣፋችው እዛ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ እዚሁ ቤት ውስጥ ያ ሰዓሊ ያደረገው ነው። እሳቱ የግድግዳውን ኖራ ሲያራግፈው ከስር የመካከለኛው ዘመን ስዕል ብቅ አለ፣ ከጦርነቱ በኋላ ይታደስ ተብሎ ዲትሪሽ ፋይ ለሚባል ሰው ስራው ተሰጠ፣ እሱ ደግሞ ሎታር ማልስካትን ላከው። ማልስካት ላይኛው ክፍል ላይ ብዙ የሚታደስ ነገር ስላላገኘ ከራሱ አውጥቶ ቅዱሳኑን ሳላቸዋ! በ1951 ለ700ኛ ዓመቱ የምዕራብ ጀርመን ቻንስለር (የመንግሥቱ መሪ) አደናወር መጡ፣ ስዕሉ ፖስታ ቴምብር ላይ ታተመ፣ ሊቃውንቱም አደነቁ፣ ምስጋናው ግን ለፋይ ሆነ። ማልስካት ተናደደና በ1952 እኔ ነኝ የሳልኩት ብሎ ራሱን አጋለጠ፣ መጀመሪያ ማን ይመነው፣ በ1955 የ18 ወር እስር ተፈረደበት። ስዕሉም ታጥቦ ጠፋ።

ጃኬት ያዙ፣ ጡብ በበጋም ይበርዳል። ቅዳሴ ሰዓት ላይ ካሜራ ይዛችሁ አትዙሩ። ማርዚፓን (ከአልሞንድና ከስኳር የሚሰራ ጣፋጭ) ከተማው የታወቀበት ነውና ግዙ፣ ቡና ግን ከቤታችሁ በፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ፣ እኛ አንድ ካፌ ገብተን ውሃ የመሰለ ነገር ከፍለን ጠጥተናል። ለቤተክርስቲያኑ ከ5 ኮከብ 5፣ ለደወሎቹ ብቻ እንኳን ተመልሼ እሄዳለሁ።