የጣሪያ ውሃ ወይስ ጥልቅ ጉድጓድ?

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ሞልቶ ወደ ቦርከና ይነጉዳል፤ በጥር ግን በየደጁ ቢጫ ጀሪካን ይሰለፋል። ታዲያ ጎረቤቱ አዋጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፍር ወይስ እያንዳንዱ የጣሪያውን ውሃ ያጠራቅም?

በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ሲቀነስ 800 ያህል ይቀራል። የእኛ ቤት አሸንዳ አንድ ጫፉ ስለዘመመ በግማሹ ውሃ የጎረቤት ጎመን ያጠጣል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ለ5 ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ሲታሰብ፣ 20 ቀን ያደርሳል። በጋው ግን ከዚያ እጅግ ይረዝማል፤ የበልጉን ዝናብም የወሎ ገበሬ ማመን ከተወ ቆይቷል።

ጉድጓዱ በጋውን ያሻግራል። ፓምፑ ግን መብራት ይጠብቃል፤ ከሚሰርገው በላይ ከተቀዳም ውሃው እየራቀ ይሄዳል። አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ስለሚችል ዝናቡ ዶፍ ይሆናል፤ ዶፍ ደግሞ ከመስረግ ይልቅ ይሮጣል።

ስለዚህ እኔ ውሃው ለሚሰርግበት የኮምቦልቻ ሜዳ ጉድጓዱን፣ ለሚሮጥበት የደሴ ዳገት ሮቶውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አታጠራቅሙት፤ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ይዞ ይሂድ።