የአሜሪካው የኦፒዮይድ ካሳ የወጪ ዝርዝር ወሎ ላይ ሲፈተን

የምንገመግመው ማንም ሰው በነጻ አውርዶ ሊያነበው የሚችል የወጪ መመሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦፒዮይድ የሚባሉትን ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች ያመረቱ፣ ያከፋፈሉና የሸጡ ኩባንያዎች ካሳ እንዲከፍሉ ሲስማሙ፣ ገንዘቡ በምን በምን ላይ ሊውል እንደሚችል የሚደነግግ አባሪ ከስምምነቱ ጋር ተያይዟል፤ ስሙ «አባሪ ኢ» ነው። ከእሱ ጋር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ያሰራጫቸውን አምስት መርሆዎችም አይተናል።

ይህን የምንጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንደኛው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ከሚሴ ሆኖ ለጤና ተብሎ የተዋጣ ወይም ከውጭ ዘመድ የተላከ ገንዘብ የሚያስተዳድር የቅሬ (የእድር) ገንዘብ ያዥ፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ወይም የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ሁለተኛው አሜሪካ የሚኖር የወሎ ልጅ ነው፤ የሚኖርበት ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ከዚህ ካሳ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፣ እሱም እንደ ነዋሪ የመጠየቅ መብት አለው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ዝርዝሩ ጥሩ ነው፣ የሒሳብ ቁጥጥሩ ግን ደካማ ነው። ዝርዝሩን ውሰዱ፤ ሒሳቡን በቅሬ ደንብ ያዙ።

ከገንዘቡ መጠን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ዋናው ስምምነት 26 ቢሊዮን ዶላር ነው። ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝ እና አሜሪሶርስበርገን የተባሉት ሦስት አከፋፋዮች እስከ 21 ቢሊዮን ዶላር በ18 ዓመት፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ቢበዛ በ9 ዓመት ይከፍላሉ። በኋላ ሲቪኤስ፣ ዎልግሪንስ፣ ዎልማርት፣ ቴቫና አለርጋን ሲጨመሩ ጠቅላላው ከ50 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። በዋናው ስምምነት ከገንዘቡ ቢያንስ 85 በመቶው ኦፒዮይድ ያደረሰውን ጉዳት ለመጠገን መዋል አለበት። ይህ ገደብ የገባው ከትምባሆው ካሳ በተገኘ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የትምባሆ ኩባንያዎች ለ46 ክልሎች በ25 ዓመት ውስጥ 206 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍሉ ቢስማሙም፣ ሰውን ከማጨስ ለመከላከል የዋለው ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ ቀሪው የበጀት ጉድለት መሙያና የሌላ ሥራ ማስኬጃ ሆኖ ቀረ።

አባሪው ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ዘጠኝ ሥራዎች ከፊት ያስቀምጣል፦ ናሎክሶን የተባለውን የኦፒዮይድ ማርከሻ ማዳረስ፣ በመድኃኒት የተደገፈ ሕክምና፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች የሚሰጥ ሕክምና፣ ከሱሰኛ እናት ለተወለዱ ጨቅላዎች እንክብካቤ፣ በሽተኛውን ከድንገተኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ሕክምና ማሸጋገር፣ የታራሚዎች ሕክምና፣ መከላከል፣ ንጹሕ መርፌ ማቅረብና የተሠራውን በመረጃ መመዘን። ከእነዚህ በኋላ ረጅም ሁለተኛ ዝርዝር ይመጣል። ሁለተኛው በጣም ሰፊ ስለሆነ ብልሃተኛ ባለሥልጣን የፈለገውን ወጪ ሊያስገባበት ይችላል። እዚያ አገር ለፖሊስ መኪና መግዣና ለቆየ ዕዳ መክፈያ የዋለ የካሳ ገንዘብ አለ። ስለዚህ ኮሚቴ የሚሰበሰብ ሁሉ ዘጠኙን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ቢሄድ ይሻላል።

ናሎክሶን ከፊት መቀመጡ ትክክል ነው፤ ምን ያህልና በየትኛው መልክ እንደሚገዛ ግን ዝርዝሩ አይነግርም። በአፍንጫ የሚረጨው በአብዛኛው 4 ሚሊግራም ይይዛል፣ አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ለሠፈር ሰው የሚመቸው እሱ ነው። አንዱ መርጫ አንድ ጊዜ ብቻ ይረጫል፤ «ይሠራል ወይ» ብሎ አየር ላይ የሞከረ ሰው መድኃኒቱን ጨርሶታል። ይህ ስህተት እንዳይደርስ አሰልጣኙ ባዶ የመለማመጃ መርጫ ይዞ መቅረብ አለበት። ማከማቻው ከ25 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 40 ይታገሳል። ደሴ ላይ ይህ አያስጨንቅም፤ ባቲና ከሚሴ ላይ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሳጥን አይሆንም።

ለጤና ጣቢያ የምንመርጠው በመርፌ የሚሰጠውን ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር 0.4 ሚሊግራም የያዘው አምፑል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ዋጋውም ከመርጫው እጅግ ይረክሳል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ለአዋቂ የመጀመሪያው መጠን ከ0.4 እስከ 2 ሚሊግራም ሲሆን በየ2 እና 3 ደቂቃው ሊደገም ይችላል፤ 10 ሚሊግራም ደርሶ ለውጥ ከሌለ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ስለዚህ «አሥር አምፑል አለን» የሚል ጤና ጣቢያ በእጁ ያለው 4 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ከፍተኛውን የመጀመሪያ መጠን ለሁለት ሰው ሰጥቶ ያልቃል። የመድኃኒቱ ጉልበት ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ይቆያል፤ በሽተኛው የወሰደው ኦፒዮይድ ግን ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ነቃ ብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ ሰው ከሰዓት በኋላ ትንፋሹ እንደገና ሊቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ መስመር ላይ አንድ ዕቃ ጨምሩበት፦ የአዋቂ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ሳንባ ውስጥ አየር የሚያስገባ ከረጢት) ከነጭንብሉ። በኦፒዮይድ የሚሞት ሰው የሚሞተው ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ ማርከሻው እስኪሠራ ሳንባውን አየር የሚሞላለት ሰው ያስፈልገዋል። ለጨቅላ የተሠራው አምቡ ለአዋቂ አይበቃም፣ ስለዚህ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለው ይበቃል ብሎ ማለፍ አይቻልም። በኛ ግምት ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ አንድ አምቡ፣ አንድ የጣት ኦክስጅን መለኪያ እና ሃያ አምፑል ከአምስት መርጫ የበለጠ ሕይወት ያተርፋል። አምቡው በኦፒዮይድ ላልታመመም በሽተኛ ይውላልና።

አሁን ዝርዝሩ ለኛ ልክ የማይሆንበትን እንይ። እዚያ አገር ሰው እየገደለ ያለው በአብዛኛው በሕገ ወጥ መንገድ የሚሠራ ፈንታኒል የተባለ እጅግ ብርቱ ኦፒዮይድ ነው፤ ወሎ ውስጥ ባለሙያ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ትራማዶል የተባለው ኦፒዮይድ ነው። የአዋቂ የቀን ጣሪያው 400 ሚሊግራም ነው፤ ባለ 50 ሚሊግራሙ እንክብል ከሆነ ስምንት ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ትንፋሽን ከማዳከሙ ሌላ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ያመጣል። አሚትሪፕቲሊን ወይም ሌላ የድብርት መድኃኒት አብሮ ለሚወስድ ሰው አደጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ መድኃኒት ቤት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሌላ ምን ይወስዳሉ?» መሆን አለበት። ናሎክሶን የትራማዶልን ጉዳት የሚመልሰው በከፊል ነው፤ መንቀጥቀጡን አያቆምም። ለመንቀጥቀጡ ዲያዜፓም በጤና ባለሙያ እጅ ያስፈልጋል። የወደቀ ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት መለኮስ፣ ጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት ያቃጥለዋል፣ ያቆስለዋል፣ ምንም አይፈይድለትም። በጎኑ አስተኝታችሁ የትንፋሽ መንገዱን ክፈቱ፣ ሰዓቱን ያዙ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ሞርፊን ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። የአሜሪካው ዝርዝር የተጻፈው ማዘዣ ለበዛበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ግን አጥንቱ ድረስ የዘለቀ ካንሰር ያለበት ሰው፣ በጦርነቱ የቆሰለ ሰው፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በቂ የሕመም ማስታገሻ አጥቶ ሲያቃስት ያድራል። በድሃ አገሮች ለሕክምና የሚውለው ሞርፊን ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ማዘዣ መቀነስ» የሚለውን መስመር እንዳለ የገለበጠ ኮሚቴ በሽተኛ ላይ ይፈርዳል። በኛ በኩል መስመሩ እንዲህ ተብሎ መጻፍ አለበት፦ ሞርፊን በማዘዣና በተቆለፈ ሳጥን ለሚያስፈልገው ሁሉ ይድረስ፤ ትራማዶል ደግሞ ያለ ማዘዣ አይሸጥ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

በመድኃኒት የተደገፈውን ሕክምና በተመለከተ ሰነዱ ትክክል ነው፣ ብዙ መጨመርም አያስፈልገውም። ለዚህ ሕክምና የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሱሰኛውን የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ በብዙ ጥናት ታይቷል። መድኃኒቶቹ በሌሉበት የሚቀረው ሥራ ሱሰኛው የሚወስደውን መጠን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ስለ ታራሚዎች የተጻፈው ግን ወሎ ላይ በሌላ መልክም ይመጣል። ሰውነት ለኦፒዮይድ ያዳበረው መልመድ ሰውየው ሲያቆም ይጠፋል፤ ተመልሶ የድሮውን መጠን ቢወስድ ሊገድለው ይችላል። ይህ ከማረሚያ ቤት ለተፈታ እንደሚሠራ ሁሉ ጠበል ቆይቶ ለተመለሰም ይሠራል። ቄሱ፣ ሼሁና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለቤተሰቡ በአንድ ቃል ሊነግሩት የሚገባ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፤ ወጪም የለውም።

መከላከል ላይ ዝርዝሩ ቸር ነው፤ እኛ ቆጠብ እንላለን። በማስፈራሪያ ንግግር፣ በባነርና በአንድ ቀን የትምህርት ቤት ጉብኝት የሚያልቅ ገንዘብ ውጤት አያመጣም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ዴር በተባለው የፖሊሶች የትምህርት ቤት ፕሮግራም ለዓመታት ያዩት ነው። የአበል ወጪ ከስልጠናው ዕቃ ወጪ በልጦ የቀረበ ዕቅድ ካያችሁ መልሱት።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ትልቁ ጉድለት እዚህ ነው። ዋናው ስምምነት በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲዘገብ የሚያስገድደው ከኦፒዮይድ ጉዳት ውጪ የዋለውን ገንዘብ ብቻ ነው፤ ያም ከ15 በመቶ መብለጥ አይችልም። የቀረው 85 በመቶ በምን እንደዋለ ለሕዝብ መንገር ለየክልሉ ፈቃድና ሕግ ተትቷል። አንዳንዱ ክልል ሁሉንም አሳተመ፣ አንዳንዱ ዝም አለ። ሆፕኪንሶች ከአምስቱ መርሆዎች አንዱን ፍትሐዊና ግልጽ አሠራር ያደረጉት በምክንያት ነው፤ ነገር ግን ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም።

ወሎ በዚህ ረገድ ከሌላ አገር የሚማረው የለም። ቅሬ ውስጥ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን በአባላት ፊት ያነባል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ የጎደለ ካለ እዚያው ይጠየቃል። ይህንኑ ለመድኃኒት ገንዘብ ማዋል ነው። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ቅጽ፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ቅጽ ይመዝገብ፤ ቢን ካርዱ (የመደርደሪያው መመዝገቢያ ካርድ) ላይ ብዛቱ፣ የባች ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ይጻፍ፤ በየሦስት ወሩ የመደርደሪያው ቆጠራ ከካርዱ ጋር ይመሳከር። ጊዜው ሊያልፍ ስድስት ወር የቀረው አምፑል ብዙ በሽተኛ ወዳለበት ሆስፒታል ይዛወር፤ መደርደሪያ ላይ አርጅቶ ከሚጣል ይሻላል። ለስብሰባው የሚነበበው ቁጥር ብቻ ይሁን፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ሰው ታከመ። የታካሚ ስም በቅሬ ፊት አይነሣ። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ሠፈር አንድ ስም ከወጣ ቀጣዩ በሽተኛ አይመጣም።

ሌላው ወጥመድ መተካት ነው። ወረዳው ለአምፑል ይመድበው የነበረውን በጀት «ማኅበረሰቡ ገዝቷል» ብሎ ወደ ሌላ ቢያዞረው፣ የተዋጣው ገንዘብ አንድም ሰው አላዳነም ማለት ነው። የሆፕኪንስ የመጀመሪያው መርህ ይህንን ነው የሚከለክለው፤ አዲሱ ገንዘብ በነበረው ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ያለፈውን ሁለት ዓመት የወረዳ ግዢ በጽሑፍ ተቀብሎ ከስምምነቱ ጋር ማያያዝ። በተጨማሪም የካሳው ክፍያ በየዓመቱ እኩል አይደለም፤ ኋላ ላይ ይቀንሳል። የሚላክ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንዴ በመጣ ገንዘብ ቋሚ ሠራተኛ አይቀጠርም፤ ዕቃ ይገዛል፣ ያለው ሠራተኛ ይሰለጥናል፣ ለማደሻ ይቀመጣል።

አሜሪካ ላላችሁ የወሎ ልጆች የሰነዱን ጥቅም የምንመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ የካውንቲው ምክር ቤት በአደባባይ ሲሰበሰብ ነዋሪ ተነስቶ የሚናገርበት ሰዓት አለ፣ የካሳው ወጪም በዚያ አጀንዳ ላይ ይቀርባል። ሰነዱን ይዛችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ወጪው ከዘጠኙ በየትኛው ሥር ይገባል? ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ለዚሁ ሥራ ስንት ይመደብ ነበር? የናሎክሶን አጠቃቀም መመሪያው በአማርኛ ታትሟል ወይ? ለሦስተኛው መልሱ «አልታተመም» ከሆነ፣ የመረጃና የስልጠና ሥራ በአባሪው የተፈቀደ ወጪ ስለሆነ የትርጉምና የኅትመት ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ስንት ቅጂ እንደምትፈልጉና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ሱቅ እንደሚታደል ጨምራችሁ ጻፉበት።