በባትሪ የሚሠራ የጎማ መንፊያ በብርድ ወቅት እንዴት ከረመ

ይህ ግምገማ በባትሪ ስለሚሠራ አነስተኛ የጎማ መንፊያ ነው። የገዛሁት ሙቀቱ ሊገባደድ ሲል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የብርዱን ወቅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮኝ ከርሟል። መሣሪያው በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። በውስጡ የሊቲየም አዮን ባትሪ አለው፤ ባትሪው ሲደክም በገመድ አማካኝነት ከመኪናው የ12 ቮልት መሰኪያ ኃይል ይወስዳል፤ ግፊቱን በትንሽ ስክሪን ያሳያል፤ የታዘዘው ልክ ላይ ሲደርስም በራሱ ይቆማል። የአምራቹን ስም የማላነሣው የዚህ ዓይነት መንፊያዎች አሠራራቸው ተቀራራቢ በመሆኑ ነው፤ እኔ ያየሁት ጥቅምም ሆነ ድክመት በአብዛኞቹ ላይ የሚገኝ ይመስለኛል።

በሞቃት ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ ሥራ የለውም። ብርድ ሲገባ ግን የጎማው አየር ስለሚቀዘቅዝ፣ አንድም ቀዳዳ ባይኖር እንኳ ግፊቱ ይወርዳል። ለተራ የቤት መኪና ጎማ የሚያገለግለው ግምት፣ ሙቀቱ 5.6 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር 1 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የሚለካበት አሃድ፣ ፓውንድ በካሬ ኢንች) ያህል ይጎድላል የሚለው ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት 35 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ፣ የውጩ አየር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 30 ፒኤስአይ ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ማንኛውም ጎማ፣ ጤነኛም ቢሆን፣ አየሩ በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚያመልጥ በወር 1 ፒኤስአይ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያጣል። ሁለቱ ምክንያቶች ሲደራረቡ የሚፈጠረውን ጉድለት በዓይን መለየት አይቻልም፤ ራዲያል ጎማ፣ ማለትም የዛሬ የቤት መኪኖች የሚጠቀሙበት የተለመደው ዓይነት፣ በትክክል ተነፍቶም ቢሆን ከታች ትንሽ ስለሚያብጥ፣ 28 ፒኤስአይ ያለው ጎማ 35 ካለው ጋር አንድ ይመስላል። በእግር መምታቱማ ምንም አይነግርም።

ብዙ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን ምልክት ተማምኖ ይተወዋል፤ መንፊያውንም ሆነ መለኪያውን ትርፍ ወጪ የሚያስመስለው ይኸው እምነት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ለቀላል ተሽከርካሪዎች ግዴታ የሆነው የጎማ ግፊት መከታተያ፣ በሕጉ መሠረት ማስጠንቀቅ ያለበት ግፊቱ ከተመከረው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። ስለዚህ 35 ፒኤስአይ የሚፈልግ ጎማ ወደ 26 እስኪወርድ ድረስ ምልክቱ ሳይበራ ሊቆይ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ የተደነገገው መከታተያ ጠበቅ ያለ ልክ ቢኖረውም፣ እሱም ቢሆን ጉድለቱ ጥቂት ፒኤስአይ ሲሆን አይጠራም። ምልክቱ ሌላም የሚያዘናጋ ጠባይ አለው። በብርድ ማለዳ ይበራና ጎማው በመንገድ ላይ ሲሞቅ ይጠፋል፤ አሽከርካሪውም ችግሩ የሴንሰር ነው ብሎ ይደመድማል፣ ሴንሰሩ ግን ማለዳ የተናገረው እውነቱን ነበር። በቸርኬው ውስጥ ሴንሰር ሳይኖራቸው ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ከሚለካው የጎማ ፍጥነት ላይ ተነሥተው ግፊቱን የሚገምቱት መከታተያዎች ደግሞ፣ አራቱም ጎማዎች በብርድ ምክንያት እኩል ሲጎድሉ ልዩነቱን ማየት ይከብዳቸዋል፤ ጎማው ከተነፋ በኋላም እንደ አዲስ እንዲጀምሩ በቁልፍ ወይም በሜኑ መታዘዝ አለባቸው።

እንግዲህ የመንፊያው ዋጋ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ሻጮች አጥብቀው የሚያስተዋውቁት ፍጥነቱን ነው፤ ለእኔ ግን ፍጥነቱ ሁለተኛ ነገር ሆኖ ተገኘ። ዋናው ጥቅም መኪናው ከቆመበት ሳይነሣ መለካትና መሙላት መቻሉ ነው። በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ሠሌዳ የተጻፈው ግፊት የቀዝቃዛ ጎማ ግፊት ነው፤ ቀዝቃዛ የሚባለውም መኪናው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ቆሞ ከሆነ፣ ወይም ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ካልተነዳ ነው። ወደ ነዳጅ ማደያ ሄዶ የሚያስነፋ ሰው ሲደርስ ጎማው ሞቋል፣ ንባቡም በጥቂት ፒኤስአይ ከፍ ብሏል፤ በዚያ ንባብ ላይ ተመሥርቶ እስከ ሠሌዳው ልክ ብቻ ከሞላ፣ ጎማው በማግሥቱ ማለዳ ጎድሎ ያድራል። ሌላ አማራጭ ከሌለ የሚሻለው ከመነሣት በፊት በእጅ መለኪያ ለክቶ ጉድለቱን መያዝ፣ ማደያው ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል በሞቀው ንባብ ላይ መጨመር ነው። መንፊያው ቤት ካለ ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል። በጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ከፍተኛ ቁጥር ደግሞ የጎማው የመጨረሻ አቅም እንጂ የመኪናው ልክ አለመሆኑን መጨመር ይገባል፤ ይህን ቁጥር በስክሪኑ ላይ እየሞሉ አውቶማቲኩ እንዲቆም የሚጠብቁ ሰዎች መኖራቸውን አውቃለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን መሣሪያው ራሱ አይነግርም። መኪናው የሚያድረው በሞቀ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ፣ እዚያው የተለካው ግፊት ወደ ውጭ ሲወጣ አይጸናም። ጋራዡ 15 ዲግሪ፣ ውጩ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ስለሆነ፣ ጋራዥ ውስጥ ሲሞላ ያንኑ ያህል ማስበለጥ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ስሌት ከማስላት ይልቅ መኪናውን ውጭ ባደረበት ማለዳ መለካቱን መርጫለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። አምስት ስድስት ፒኤስአይ የጎደለውን የቤት መኪና ጎማ ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። አራቱን በተከታታይ ሲነፋ ግን ሲሊንደሩና የቱቦው ጫፍ ስለሚግሉ፣ ከሁለተኛው ጎማ በኋላ ማሳረፉ ይበጃል፤ መመሪያውም ያለማቋረጥ የሚሠራበትን ጊዜ ይገድባል። ድምፁ ኃይለኛ ነው፤ በማለዳ ጎረቤትን ይቀሰቅሳል። የስክሪኑ ቁጥር ሞተሩ እየሠራ ሳለ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ምክንያቱም የሚለካው በቱቦው ውስጥ የሚገፋውን አየር እንጂ የረጋውን የጎማ አየር አይደለም። ከቆመ በኋላ ንባቡ ትንሽ ይወርዳል። ቱቦው በጥርስ ከቫልቩ ጋር የሚያያዝ በመሆኑ ደግሞ ሲፈታ ጥቂት አየር ያመልጣል፤ የሚያመልጠው አብዛኛው በቱቦው ውስጥ ያለው ቢሆንም፣ በዝግታ ለሚፈታ ሰው ከጎማውም ይቀነሳል። በእነዚህ ምክንያቶች የመንፊያውን መለኪያ እንደ መጨረሻ ዳኛ አልወስደውም። 1 ፒኤስአይ አስበልጬ አስቆመዋለሁ፣ ከዚያም ራሱን በቻለ መለኪያ አረጋግጣለሁ። የሁለቱ ልዩነት ከወር ወር ብዙም ስላልተለወጠ መንፊያው ቢያንስ የማይዋዥቅ ስሕተት አለው ማለት እችላለሁ፤ ይህም ለእንዲህ ያለ ዕቃ መጥፎ አይደለም።

ትልቁ ድክመቱ የተገዛበት ምክንያት ራሱ ብርዱ መሆኑ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ተቃውሞው ስለሚጨምር የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። መኪናው ውስጥ ያደረ መንፊያ ሙሉ ቻርጅ እንዳለው እያሳየ ሦስተኛው ጎማ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ቤት ውስጥ ያደረው ግን አራቱንም ጨርሶ ይተርፈዋል። ከዚህ የባሰው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ሊቲየሙ ወደ አኖዱ (የባትሪው አሉታዊ ጫፍ) ውስጥ መግባት ሲገባው በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፣ የባትሪውንም አቅም እስከ ወዲያኛው ይቀንሳል፣ ለአደጋም ያጋልጣል። ስለዚህ ከውጭ የገባ መንፊያ እስከ ቤት ሙቀት ድረስ ሳይመለስ ቻርጀር ላይ መሰካት የለበትም። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል ዕቃውን በመኪናው ኋላ መጫኛ ውስጥ ለወትሮው እንዲቀመጥ ሲያሳይ፣ በመመሪያው ውስጥ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የማከማቻ ሙቀት ግን ከዚህ ጋር አይጣጣምም፤ አምራቹ ይህን በግልጽ መናገር ነበረበት። ቱቦውም በብርድ እንደ እንጨት ስለሚደርቅ በግድ መጠምዘዝ መሰንጠቅን ያስከትላል፤ ስክሪኑ ደግሞ ቁጥር ለመለወጥ ይዘገያል።

በዚህ ምክንያት የ12 ቮልቱ ገመድ፣ መጀመሪያ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ያየሁት፣ በብርድ ወቅት ዋናው የኃይል መንገድ ሆኗል። በገመድ ሲሠራ የባትሪው መድከም አያሳስብም። ገመዱ እስከ ኋላ ጎማ መድረሱን፣ የመሰኪያው ፊውዝ የሚችለው አምፔርም መንፊያው ከሚወስደው አለማነሱን ግን አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ አለበለዚያ ፊውዙ ይቃጠላል። ዛሬ እንደገና የምገዛ ብሆን፣ እጅግ በሚቀዘቅዝ ቦታ ለሚኖር ሰው ባትሪ የሌለውንና በገመድ ብቻ የሚሠራውን እመርጥለታለሁ።

ቫልቩን የሚመለከት ነገርም አለ። በቫልቩ አፍ ላይ የቀረ እርጥበት ሲበርድ በረዶ ሆኖ መርፌውን በሙሉ እንዳይዘጋ ሊይዘው ይችላል፤ ጎማውም ቀዳዳ ሳይኖረው ይተነፍሳል። ከቱቦው መፈታት በኋላ ክዳኑን ወዲያው መመለስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ክዳኑ የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ የናስ ክዳን ከግፊት ሴንሰሩ ጋር በተያያዘው የአልሙኒየም የቫልቭ ዘንግ ላይ በተለይም መንገዱ ጨው በሚረጭበት አካባቢ በዝገት ተጣብቆ፣ በጉልበት ሲፈታ ዘንጉን ይዞት ይሰበራል። መንፊያው ይህን አያበላሽም፣ ነገር ግን በየጊዜው የሚለካ ሰው ክዳኑን በየጊዜው ስለሚፈታ ችግሩን ቶሎ ይደርስበታል።

ውጤቱን በተመለከተ የተጋነነ ነገር መናገር አልፈልግም። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ፣ የአራቱ ጎማዎች አማካይ ግፊት በ1 ፒኤስአይ በጎደለ ቁጥር የነዳጅ አጠቃቀም ወደ 0.2 በመቶ ይባክናል ይላል። አምስት ፒኤስአይ ቢጎድል 1 በመቶ መሆኑ ነው፤ በነዳጅ ቁጠባ ብቻ መንፊያው ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ ጋር አይሄድም። ያስተዋልኩት ለውጥ በመሪው ላይ ነው፤ ጎማው ልኩን ሲይዝ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ወዲያው ይታዘዛል፣ የጎማው ሁለት ዳርም ከመሐሉ ቀድሞ መበላቱን አቁሟል። በበረዶ ላይ ጎማ ቢጎድል የተሻለ ይይዛል የሚለው ምክር፣ በጥልቅ በረዶ ወይም በአሸዋ ውስጥ በዝግታ ለሚወጣ መኪና እንጂ በተጠረገ መንገድ ላይ ለሚፈጥን አይሠራም። ናይትሮጅን መሙላትም ከዚህ ሥራ አያድንም፤ ተራው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ንጹሑም ቢሆን በብርድ የሚወርደው በዚያው መጠን ነው። ጥቅሙ ደረቅ መሆኑና ቀስ ብሎ ማምለጡ ላይ ያበቃል።

ትንሹ ስኮርታ ጎማ ላይ መንፊያው ይቸገራል። ይህ ዓይነቱ ጊዜያዊ ጎማ ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ስለሚፈልግ፣ መንፊያው የመጨረሻዎቹን ፒኤስአዮች የሚሞላው እየቃተተ ነው፤ በገመድ፣ በሁለት ዙርም ቢነፋ ይመረጣል። ስኮርታው ደግሞ ከሁሉ የሚረሳው ጎማ በመሆኑ ብርዱ ሳይጠና መመልከት ያዋጣል።

ሙቀቱ ሲመለስ የተገላቢጦሹ ይመጣል፤ በብርድ ማለዳ 35 የነበረው በሞቃት ማለዳ 38 ወይም 39 ሆኖ ይገኛል። የማስተንፈሱ ሥራ መደረግ ያለበት አሁንም ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ከጉዞ በኋላ በጋለ ጎማ ላይ የሚቀነስ አየር በማግሥቱ ጉድለት ይሆናል። መንፊያው በዚህ በኩል አይረዳም፤ መሙላት እንጂ መቀነስ ስለማይችል የቫልቩን መርፌ በእጅ መለኪያው ጀርባ ባለው ጫፍ እየነኩ ጥቂት በጥቂት ማስወጣት ግድ ይላል።